የድሮውን ዲናችንን በምን እናክብራቸው? የክብር ዶክትሬት፣ የሕንፃ ስም፣ ሽልማት ወይስ ዓመታዊ ሌክቸር

የተመራቂዎች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ «የድሮው ዲናችን ጡረታ ሊወጡ ነው» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው ሐሳብ ይዥጎደጎዳል። «ሐውልት ይቁምላቸው!» «የክብር ዶክትሬት ሲያንሳቸው ነው!» «መኪና እንግዛላቸው።» ከዋሽንግተን አንዱ መቶ ዶላር አለኝ ይላል። ከዱባይ ሌላዋ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ትጠይቃለች። ከዚያ ግሩፑ ጭር ይላል። ነገሩ የሚቀረው ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። የትኛው እንደሚሻል ቁጭ ብሎ ያነጻጸረ ሰው ስለሌለ ነው።

እዚህ የማነጻጽረው ለአንድ ዓይነት መሪ የሚሆኑትን አማራጮች ነው። ሊበራል አርትስ የምንለውን ሰፊ ትምህርት በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ላስፋፋ ሰው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ታሪክ እንዲያነብ፣ የአካውንቲንግ ተማሪ ሎጂክ እንዲማር፣ ሁሉም ደግሞ መጻፍና መከራከር እንዲችል የለፋ ፕሬዚዳንት፣ ዲን ወይም የዲፓርትመንት ኃላፊ ማለቴ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

በአገራችን ይህ ትምህርት ከፍ ዝቅ ሲል ነው የኖረው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ለረጅም ዘመን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሆኖ ኖረ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መሰናዶ ሲመጣ ቀረ። ቀጥሎ ሰባ ሠላሳ መጣ፤ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ኮርስ ሆኑ።

ኮርሱ በወረቀት መመለሱ አንድ ነገር ነው። ማን ያስተምረው የሚለው ሌላ ነው። የጋራ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚጣለው ትናንት በተቀጠረ ልጅ ላይ ነው። ጥሩ ዲን የሚለየው እዚህ ጋ ነው። «ሎጂክን ሲኒየሩ መምህር ያስተምር» ብለው ስብሰባ ላይ ድርቅ ይላሉ። ተማሪ ያነሰው የፍልስፍና ወይም የቴአትር ክፍል እንዳይዘጋ ይሟገታሉ። ላይብረሪው እስከ ሌሊት እንዲከፈት የሠራተኛ አበል ሲያፈላልጉ ይከርማሉ። ለዚህ ሥራ ሪባን አይቆረጥም፣ ቴሌቪዥንም አይመጣም። ስለዚህ አማራጮቹን ስመዝን ሁለት ነገር አያለሁ። ክብሩ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ምን እንደሠሩ ይናገራል ወይ? ሥራውንስ ያስቀጥላል ወይ?

የክብር ዶክትሬት

ግሩፑ ላይ ሁሌም ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለእናንተ ወጪ የለውም፣ ቤተሰብ ይኮራል፣ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። ችግሩ ውሳኔው የእናንተ አለመሆኑ ነው። የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ጉዳዩም ሴኔት ይገባል። የእናንተ ድርሻ መጠቆም ነው። ምረቃው ሰኔ ከሆነ ግንቦት ላይ መሯሯጥ ዋጋ የለውም፤ ዓመቱ ሲጀመር ማስገባት ነው። ጥቆማው ላይ «ለትውልድ የለፉ አባት» ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳምንም። የትኛውን ኮርስ በየትኛው ዓመት እንዳስጀመሩ፣ የትኛውን ክፍል ከመዘጋት እንዳዳኑ ዘርዝሩ።

ሌላው ጣጣ ዋጋው መርከሱ ነው። በየምረቃው ዘፋኙም፣ ባለሀብቱም፣ ባለሥልጣኑም ጋውን ይለብሳል። ይገባቸው አይገባቸው የሚለውን እንተወው። ግን ዲናችሁ ፒኤችዲያቸውን በላባቸው ያገኙ ሰው ከሆኑ ሁለተኛ «ዶክተር» ምን ይጨምርላቸዋል? የአሜሪካውን የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ከ1952 እስከ 1987 የመሩት አባ ቴዎዶር ሄስበርግ 150 የክብር ዲግሪ ተሰጥቷቸዋል። የመጨረሻውን የት እንዳስቀመጡት እንጃ። ኤምአይቲና ስታንፎርድ ደግሞ የክብር ዲግሪ የሚባል ነገር አይሰጡም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ተቋሙ ይሰጥ እንደሆነ አረጋግጡ።

የክብር ዲግሪ የሚያምረው ተቋሙና ተሸላሚው በሥራ ሲተሳሰሩ ነው። ጋናዊው ፓትሪክ አዋ አሜሪካ ውስጥ ስዋርትሞር በተባለ ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ተማሩ፤ ማይክሮሶፍት ሠሩ። ከዚያ አገራቸው ገብተው አሼሲን መሠረቱ። በ2002 አክራ ውስጥ በኪራይ ቤት፣ በ30 ተማሪ ነው የተጀመረው። እዚያ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም ፍልስፍናና አፍሪካ ነክ ኮርስ ይወስዳል። ስዋርትሞር ለእኚህ ሰው የክብር ዲግሪ ሲሰጥ፣ የራሱ የማስተማር ዘዴ ሌላ አህጉር ላይ እንደበቀለ መመስከሩ ነው።

ስም በሕንፃ ላይ

ይህኛው ብዙ ደጋፊ አለው። እኔ ግን በጣም የምጠነቀቀው በእሱ ነው። ምክንያቴን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ላስረዳ።

ዉድሮው ዊልሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ከ1902 እስከ 1910 የፕሪንስተን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1905 ወደ 50 የሚጠጉ ወጣት መምህራን ቀጠሩ። ተማሪው በትንሽ ቡድን ተቀምጦ ስላነበበው ነገር ከመምህሩ ጋር የሚነጋገርበት ሥርዓት አስጀመሩ። ያ ሥርዓት እስከ ዛሬ አለ። በሊበራል ትምህርት ሚዛን ከባድ ሥራ ነው። በ1948 የሕዝብና የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤቱ በስማቸው ተጠራ። ችግሩ፣ ዊልሰን ጥቁሮች ፕሪንስተን እንዳይገቡ የከለከሉ፣ ኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ነጭና ጥቁር ሠራተኛ እንዲለያይ የፈቀዱ ሰው ናቸው። በ2015 ተማሪዎች ስሙን ተቃውመው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ገብተው ቁጭ አሉ። በ2016 ቦርዱ «ስሙ ይቆይ» አለ። በሰኔ 2020 አወረደው።

የታሪኩ ጠቃሚ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፕሪንስተን ለተመራቂዎቹ የሚሰጠው የዉድሮው ዊልሰን ሽልማት ስሙን እንደያዘ ቀረ። ለምን? ሽልማቱ የመጣው በስጦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስጦታውን ሲቀበል በዚያ ስም ሊጠራው ሕጋዊ ግዴታ ገብቷል። በቦርድ ውሳኔ የተለጠፈ ስም በቦርድ ውሳኔ ወረደ፤ ውል ያለው ግን ቆመ። መቆሙ ደግ ነው ወይ? እሱ ሌላ ክርክር ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ነጥብ ግን የትኛውም ስም ያለ ጽሑፍ አደራ እንደማይባል ነው። ሕንፃ የምትሉ ከሆነ ስሙ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሕንፃው ቢፈርስ ወዴት እንደሚዛወር፣ በምን ምክንያት ሊነሣ እንደሚችል በሁለት ገጽ ይጻፍ።

እኛ ዘንድ ስም ከመንግሥት ጋር ይመጣል፣ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። በ1961 የተመሠረተውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ። ጃንሆይ የሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል? ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተፋቀ። ስሙ ባይነካም ታሪኩ ይጠፋል። ስድስት ኪሎ «ኬኔዲ እንገናኝ» የሚል ተማሪ ላይብረሪ ማለቱ ነው፤ ስለ ሰውየው የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ግድ ስም ይውጣ ከተባለ ትንሽ ቦታ ምረጡ። አንድ የንባብ ክፍል፣ አንድ የሴሚናር ክፍል። በሩ አጠገብ ስሙ ብቻ ሳይሆን አራት መስመር ታሪክ ይጻፍ። ሐውልትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ውድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመስልም፣ ሰውየው በሕይወት ካሉ ደግሞ ያሳፍራል።

ሽልማት፦ ለእሳቸው ወይስ በስማቸው?

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ግሩፑ ላይ ግን ሁሌም ይደባለቃሉ።

ለመሪው ራሱ ሽልማት በመስጠት ረገድ ያየሁት ብልህ ዘዴ ካርኔጊ ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ዘዴ ነው። በ2005 ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች የአካዳሚክ አመራር ሽልማት ጀመረ። ለሊበራል አርትስ ያላቸው ቁርጠኝነት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ገንዘቡ 500 ሺህ ዶላር ነው፤ ግን የፕሬዚዳንቱ ኪስ አይገባም። ተቋሙ ይቀበላል፣ ፕሬዚዳንቱ ለሚያምኑበት የትምህርት ሥራ ያውሉታል። ሰው ይከበራል፣ ሥራ ይቀጥላል፣ ሐሜት የለም። ይህን ለማድረግ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም። የሰበሰባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ «ፕሮፌሰር፣ ለሚወዱት ኮርስ መጻሕፍት ይምረጡ፣ እኛ እንገዛለን» ማለት ትችላላችሁ። ከመኪናው ይልቅ በዚህ የሚደሰቱ ሰዎች አሉ።

ሰጪው ማን እንደሆነም ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የባለአደራዎችና የተመራቂዎች ምክር ቤት የሚባል ድርጅት አለ። ለሊበራል አርትስ ትምህርት አስተዋፅኦ ላደረጉ ሰዎች የፊሊፕ ሜሪል ሽልማትን ይሰጣል። ድርጅቱ ኮሌጆች ጠንካራ የጋራ ኮርስ ይኑራቸው እያለ የሚሟገት፣ በአገሪቱ የትምህርት ክርክር ውስጥ ወገኑ የታወቀ ነው። ተሸላሚውም ሜዳልያውን ሲያጠልቅ የሰጪውን አቋም በከፊል ይጋራል። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ማኅበራችሁ ከአንድ ፓርቲ ወይም ከአንድ ብሔር ጋር ስሙ የሚነሣ ከሆነ ሽልማቱ ለዲኑ መዘዝ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከራሳችሁ ማኅበር ውጭ ያለ መድረክ ይሻላል። «የበጎ ሰው ሽልማት» መምህርነትን አንድ ዘርፍ አድርጎ ይዟል፤ ጥቆማም ከሕዝብ ይቀበላል።

በስም የሚቋቋም ሽልማት ሌላ ጥቅም አለው፤ የአስተዳደርን ፊት አያይም። ክላርክ ኬር የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ከ1958 ጀምሮ መሩ። በ1965 የተከፈተው የሳንታ ክሩዝ ካምፓስ የእሳቸው ሕልም ነበር፤ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ የማይጠፋባቸው ትናንሽ ኮሌጆች። በጥር 1967 ቦርዱ አባረራቸው። በዓመቱ፣ በ1968፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ካምፓስ መምህራን ሴኔት በስማቸው የከፍተኛ ትምህርት አመራር ሽልማት አቋቋመ። ፖለቲካው ያስቀየማቸውን ሰው ባልደረቦቻቸው እንዲህ አከበሩ። ዲናችሁ ከወንበራቸው በክፉ የተነሡ ከሆነ ይህን መንገድ አስቡበት። የመምህራን ወይም የተመራቂ ማኅበር ለዚህ የፕሬዚዳንት ፊርማ አያስፈልገውም።

ስኮላርሺፕና ቋሚ ፈንድ

እዚህ ጋ ሒሳብ እንሥራ። አሜሪካ ውስጥ ቋሚ ፈንድ ሲቋቋም ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በየዓመቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ ይወጣል። 25 ሺህ ዶላር ብታስቀምጡ በ4 በመቶ በዓመት 1,000 ዶላር ነው። ለአንድ አሜሪካዊ ተማሪ የመጽሐፍ ወጪ ነው፤ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ላለ ተማሪ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በብር ሲሆን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ብታስቀምጡ በዓመት 70 ሺህ ብር ይመጣል። ጥሩ ይመስላል። ግን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የምንዛሬው ለውጥ መጣ፤ ብር በወራት ውስጥ በዶላር ሲለካ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጣ። «ቋሚ» የተባለው ፈንድ ቁጥሩ ሳይነካ ዓይናችሁ እያየ ያልቃል። ስለዚህ አገር ውስጥ ላላችሁ ምክሬ በብር ቋሚ ፈንድ አትጀምሩ ነው። ይልቅ እንደ እቁብ በየወሩ የሚያዋጡ፣ ለአምስት ዓመት ቃል የገቡ 40 ሰዎች ፈልጉ። ደመወዝ ሲጨምር መዋጮው ይጨምራል። አምስት ዓመት ሲሞላ ይቀጥል አይቀጥል ትነጋገራላችሁ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በስም ለተጠቀሰ አንድ ግለሰብ የምትሰጡት ገንዘብ ከታክስ አይቀነስላችሁም። የበጎ አድራጎት ዕውቅና ባለው ድርጅት በኩል፣ ተቀባዩን ድርጅቱ ራሱ በመመዘኛ የሚመርጥበት ፈንድ ከሆነ ይቀነሳል። ለዲኑ መኪና መግዛትና በዲኑ ስም የተማሪ ፈንድ ማቋቋም በታክስ ዓይን አንድ አይደሉም።

ከስኮላርሺፕ ግን እኔ ድርሰት እመርጣለሁ። ለከፍተኛ ውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ በማንም ስም ሊሰጥ ይችላል፤ ስለ ዲኑ ሥራ የሚናገረው የለም። «የዓመቱ ምርጥ የፍሬሽማን ድርሰት» ብላችሁ፣ የኢንጂነሪንግና የጤና ተማሪዎች ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሥነ ምግባር እንዲጽፉ ብታወዳድሩ ግን ሽልማቱ ራሱ ሥራቸው ይሆናል። አንድ ላፕቶፕና ጥሩ ዳኞች ይበቁታል።

ዓመታዊ ሌክቸር

ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። በርክሌይ ለክላርክ ኬር ከሽልማቱ ሌላ በስማቸው የሚሰጥ የሌክቸር ፕሮግራም አለው፤ ርዕሱ የከፍተኛ ትምህርት ሚና በኅብረተሰብ ውስጥ ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሥራው አብሮ ይነሣል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ቢደረግ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ተናጋሪው ከራሱ ሙያ ወጥቶ ይናገር። የልብ ሐኪሟ ስለ ቅኔ፣ የኮንስትራክሽን ኢንጂነሩ ስለ ላሊበላ ታሪክ፣ የሕግ መምህሩ ስለ ሒሳብ። አርባ ደቂቃ ንግግር፣ አርባ ደቂቃ ጥያቄ። መጀመሪያ የሚጠይቀው ተማሪ ይሁን፤ ፕሮፌሰር ማይክ ከያዘ አይለቅም። ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ይውጣ። ዲኑ በሕይወት ካሉ የመጀመሪያው ተናጋሪ እሳቸው ናቸው። ወጪው የእንግዳ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ አበል፣ ሻይና ቆሎ ነው።

ድክመቱም አለ። የመጀመሪያው ዓመት አዳራሹ ይሞላል። ሦስተኛው ዓመት ላይ አስተባባሪው ካናዳ ይሄዳል፣ ነገሩም አብሮት ይሄዳል። መድኃኒቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለቤት ማግኘት ነው። አንድ ዲፓርትመንት በሥራ ዕቅዱ ይያዘው፣ ቀኑም አካዳሚክ ካላንደሩ ላይ ይግባ። የአዳራሽና የጥበቃ ፈቃድ የሚጠየቀው በዲፓርትመንቱ ማኅተም ሲሆን ግማሹ ጣጣ ይቀንሳል። ከውጭ ያለው ግሩፕ ገንዘብ ይላክ፣ ተናጋሪ ይጠቁም፤ ፕሮግራሙን ከሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ልምራ ካለ ግን ይበላሻል።

የሚናገሩትን መቅዳት

ይህ ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ የትኛውንም ብትመርጡ አብሮ ይደረግ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ገጠር ሄደው እንዲያገለግሉ አደረገ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ሐሳቡን ከገፉት አንዱ ኋላ ከ1969 እስከ 1974 ፕሬዚዳንት የሆኑት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ናቸው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በምን ክርክር እንዳለፈ፣ ማን ምን ብሎ እንደተቃወመ በቃለ ጉባኤ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። የነበሩበት ሰዎች ጋ ነው ያለው።

ስልክና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። አጠያየቁ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» ካላችሁ ከልጅነታቸው ጀምረው ሳይጨርሱ ይመሻል። «ያ ኮርስ ሲጀመር ማን ተቃወመዎት? በጀቱን ከየት አመጡት? ማንን ለምነው መጣ?» በሏቸው። ያኔ ፋይል ውስጥ የሌለው ሁሉ ይወጣል።

የምስጋና ምሽትስ?

ሆቴል አዳራሽ፣ ካባ፣ የመስታወት ዋንጫ፣ የክብር እንግዳ። አልቃወምም፤ ሰው መገናኘቱም አንድ ነገር ነው። ግን ገንዘቡን ምሳው ይበላዋል። አንድ ፕሮግራም ላይ ሰባት ሰው ስለ ተሸላሚው ተናግሮ፣ ስፖንሰሮች ተመስግነው፣ ማይኩ ለራሳቸው ለተሸላሚው ሲደርስ ቡፌው ተከፍቶ ነበር። ሰውየው ሳህን ይዞ ለቆመ ሕዝብ ነው የተናገሩት። ምሽት ካደረጋችሁ ተሸላሚው መጀመሪያ ይናገሩ።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ዲናችሁ በሕይወት ካሉና መናገር ከቻሉ ሌክቸሩን በእሳቸው ጀምሩ፣ ድምፃቸውን ቅዱ። አርፈው ከሆነ የድርሰት ሽልማቱ ይቅደም፤ ቤተሰባቸውን ከዳኞቹ ጋር አስቀምጡ። በፖለቲካ ምክንያት ተገፍተው ከሆነ የመምህራን ወይም የተመራቂ ማኅበር ሽልማት ይሻላል። ከፍተኛ ዲግሪ ሳይኖራቸው ኮሌጅ ያቆሙ ሰው ከሆኑ የክብር ዶክትሬቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ እዚህ ላይ በእርግጥ ይገባል። ገንዘብ ያለው አንድ ሀብታም ተመራቂ «ሕንፃ አሠራለሁ» ካለ አትከልክሉት፤ ውሉን ግን አብራችሁ አንብቡ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ሰው ቤታቸው ይሂድ። ስልክ አይበቃም። «ጋሼ፣ እንዲህ ልናደርግ አስበናል፣ ምን ይላሉ?» ብላችሁ አማራጮቹን በወረቀት አሳዩአቸው። «እኔ ምን ሠራሁና» ማለታቸው አይቀርም፤ ያንን እንቢታ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ የሚሉትን ነው መያዝ። የባንክ ሒሳቡ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሦስት ሰው ፊርማ።